የካዚኖው ገንዘብ የት ገባ? ስለ ናቫሆዎች ድህነት ለአንድ ትራክ ነጂ የተሰጠ መልስ

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦

«ሰላም ዶክተር። ከላስ ቬጋስ አልበከርኪ ጭነት አመላልሳለሁ። በ40 ቁጥር አውራ ጎዳና ጋለፕ ደርሼ ነዳጅ ስቀዳ ሁሌ የማየው ነገር አለ። ቀይ ሕንዶች ፒክአፕ ላይ ትልልቅ በርሜል ጭነው ውሃ ይቀዳሉ። ማታ ስነዳ ደግሞ ከመንገዱ ራቅ ብለው ያሉት ቤቶች ድቅድቅ ጨለማ ናቸው። እኛ ጋ የሚወራው ግን ሌላ ነው። ‹ሕንዶቹ ካዚኖ አላቸው፣ መንግሥት ዝም ብሎ ገንዘብ ያድላቸዋል፣ ታክስ አይከፍሉም› ይባላል። ታዲያ ገንዘቡ የት ገባ? መሪዎቹ በሉት? ወይስ ነፃ ገንዘብ አስንፏቸው ነው? እግረ መንገዴን ደግሞ፣ መንገድ ዳር የሚሸጡት የብር ጌጥ እውነተኛ ነው?»

ወንድሜ፣ «አንተ» እያልኩ ልመልስልህ፤ በዕድሜ ሳልበልጥህ አልቀርም። ድህነት እንዴት እንደሚለካ ሳስተምርና ስመረምር ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ። ከሐበሻ የሚመጣልኝ ጥያቄ ግን አብዛኛውን ጊዜ ስለ ታክስ ተመላሽ ነው። ስለዚህ ያንተን ሳይ ደስ አለኝ። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።

መጀመሪያ ስማቸው። ጋለፕ አካባቢ ያየሃቸው በብዛት ናቫሆዎች ናቸው። ራሳቸውን «ዲኔ» ይላሉ፣ «ሕዝብ» እንደማለት ነው። «ቀይ ሕንድ» የምትለዋን ከድሮ ተማሪ ቤት ይዘናት ቀርተን ነው እንጂ ፊት ለፊት ብትላቸው ደስ አይላቸውም። እኔ እነሱንና እንደነሱ ከአውሮፓውያን በፊት አሜሪካ የነበሩትን «ነባር ሕዝቦች» እላቸዋለሁ። ግዛታቸው በአሪዞና፣ በኒው ሜክሲኮና በዩታ ላይ የተንጣለለ ነው። ወደ 70 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ የአየርላንድ ሪፐብሊክን ያህላል። በአባልነት የተመዘገበው ሰው 400 ሺህ ገደማ ሲሆን፣ እዚያው ግዛቱ ላይ የሚኖረው ግን ከግማሹ በታች ነው። የራሳቸው ፕሬዚዳንት፣ ምክር ቤት፣ ፖሊስና ፍርድ ቤት አላቸው።

እዚያ ከሚኖረው ሕዝብ ከሦስት ሰው አንዱ፣ እንዲያውም ከዚያ በላይ፣ ከድህነት ወለል በታች ነው። በአገር ደረጃ ያው ቁጥር ከስምንት ሰው አንድ አካባቢ ነው። የመካከለኛው ቤተሰብ ገቢ የአሜሪካን ግማሽ እንኳ አይሞላም። ያየኸው በርሜልም የአጋጣሚ ነገር አይደለም። ከአሥር ቤት ወደ ሦስቱ የቧንቧ ውሃ የለውም። መብራት ያልገባላቸው ቤቶች ከአሥር ሺህ በላይ እንደሆኑ ሲነገር ቆይቷል።

አሁን ወደ ወሬው እንሂድ።

ካዚኖውን ልቅደም። በ1987 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ካሊፎርኒያ በነባር ሕዝቦች መሬት ላይ ያለውን ቁማር መከልከል አትችልም ብሎ ፈረደ። በዓመቱ ኮንግረስ ሕግ አወጣለት። ከዚያ ወዲህ ንግዱ ተመነደገ፤ በ2023 የነዚህ ካዚኖዎች ገቢ ወደ 42 ቢሊዮን ዶላር ደርሷል። ይህን የሰማ ሰው «ታዲያ ምን ጎደላቸው?» ቢል አልፈርድበትም። ነገር ግን በመንግሥት የታወቁት ሕዝቦች ከ570 በላይ ናቸው። ካዚኖ ያላቸው ወደ 240 ብቻ ናቸው። ከነሱም ውስጥ ትልቁን ገንዘብ የሚያስገቡት ትልልቅ ከተማ ጥግ ያሉት ጥቂቶች ናቸው። ካዚኖ እንደ ሱቅ ነው፣ ዋናው ቦታው ነው።

ሁለቱን ጫፎች ላሳይህ። ሚኒያፖሊስ አጠገብ የሻኮፒ ምደዋካንቶን ማኅበረሰብ አለ። አባላቱ 500 እንኳ አይሞሉም። ካዚኗቸው የሚገኘው ሚሊዮኖች ከሚኖሩበት ከተማ ደጃፍ ላይ ነው። በ2012 ይፋ የሆነ የፍርድ ቤት ሰነድ እንዳሳየው እያንዳንዱ አዋቂ አባል በወር 84 ሺህ ዶላር ገደማ ይደርሰው ነበር። በዓመት ሚሊዮን ማለት ነው። አንተ የሰማኸው «ሕንዶቹ ካዚኖ አላቸው» የሚለው ወሬ አንድም ከእነዚህ፣ አንድም እነሱን ከመሰሉ ጥቂቶች የመጣ ነው።

ሌላው ጫፍ ያንተው ጎረቤት ነው። ናቫሆዎች ቁማርን በ1990ዎቹ ሁለት ጊዜ በሕዝበ ውሳኔ ውድቅ አድርገውታል። ብዙ ሽማግሌዎች አልወደዱትም ነበር። በ2004 ተፈቀደ፣ የመጀመሪያው ካዚኖ በ2008 ተከፈተ። ከጋለፕ ትንሽ ወደ ምሥራቅ ስትል ታየዋለህ። ሌላው ፍላግስታፍ ሳትደርስ መንገዱ ዳር ነው። ደንበኛው ማን ነው? አንተና አንተን የመሰለ አላፊ፣ ከዚያ ደግሞ ራሱ ናቫሆው። ከዚያ የሚገኘው ትርፍ ለ400 ሺህ ሰው ቢካፈል ለአንዱ የሚደርሰው ኢምንት ነው። ስለዚህ አይካፈልም፤ ለሥራ ቅጥርና ለመንግሥታቸው በጀት ይውላል።

እዚህ ላይ የሙያዬን ነገር ልጨምር። አምስት ሰው አንድ ጠረጴዛ ከበው ተቀምጠዋል እንበል። አራቱ በዓመት 20 ሺህ ዶላር ያገኛሉ። አምስተኛው አንድ ሚሊዮን ያገኛል። አማካዩን ካወጣህ 216 ሺህ ይመጣል። ከአራቱ ድሆች አንዱም 216 ሺህ አይቶ አያውቅም። በተርታ አሰልፈህ መሃል ላይ ያለውን ብትጠይቀው ግን 20 ሺህ ይልሃል። ስለ ነባር ሕዝቦች ሲወራ ሁሌ የምንሰማው የመጀመሪያውን ቁጥር ነው። የገቢ ክፍፍል የሚባለው ጥናት ደግሞ አራቱንና አምስተኛውን ለይቶ ማየት ነው። በነባር ሕዝቦች ዘንድ ደግሞ ልዩነቱ በሀብታምና በድሃ ግለሰብ መካከል ብቻ አይደለም። በአንዱ ሕዝብና በሌላው ሕዝብ መካከል ነው ገደሉ።

«መንግሥት ያድላቸዋል» የሚለውስ? ነባር በመሆኑ ብቻ በየወሩ ቼክ የሚላክለት ሰው የለም። ያለው የውል ግዴታ ነው። መሬቱን ሲወስዱ ሕክምናና ትምህርት እንሰጣለን ብለው ፈርመዋል። ያንንም በቅጡ አይከፍሉም። በ2018 የአሜሪካ የዜጎች መብት ኮሚሽን ባወጣው ሪፖርት፣ በአገር ደረጃ የፌዴራል መንግሥት ለአንድ ሰው ሕክምና 9,207 ዶላር ሲያወጣ የነባር ሕዝቦች ጤና አገልግሎት የሚያወጣው 3,332 ነበር።

ታክስንም ይከፍላሉ። የፌዴራሉ ገቢ ታክስ እንዳንተው ይቆረጥባቸዋል። የማይከፍሉት በራሳቸው ግዛት እየኖሩና እየሠሩ ላገኙት ገቢ የስቴቱን ነው። እሷንም ያስከበረችው አንዲት ናቫሆ ሴት ናት። አሪዞና በ1967 ከደሞዟ 16 ዶላር ከ20 ሳንቲም ቆረጠባት። እሷም ከሰሰች፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ሄዳ በ1973 ረታች። ለ16 ዶላር! እንዲህ ያለ ሰው ደስ ይለኛል።

ታዲያ ካዚኖ ባይኖራቸውስ፣ ምድራቸው ባዶ ነው? አይደለም። ከሥሩ ከሰል፣ ዘይት፣ ዩራኒየም አለ። እንዲያውም የመጀመሪያው ምክር ቤታቸው በ1923 የተቋቋመው ናቫሆን ለማስተዳደር አልነበረም። የዘይት ኩባንያዎች ውል የሚፈርምላቸው አካል ስላስፈለጋቸው ነው።

የከሰሉን ታሪክ በደንብ ልንገርህ፣ ምክንያቱም ለጥያቄህ ዋናው መልስ እዚያ ነው ያለው። በ1964 ለከሰል ማውጫ ውል ተፈረመ፣ ውሉ በኋላ ፒቦዲ የሚባለው የከሰል ኩባንያ ሆነ። ናቫሆዎች በአንድ ቶን ቢበዛ 37 ሳንቲም ተኩል ሮያሊቲ፣ ማለትም የባለመሬት ድርሻ፣ እንዲያገኙ ተስማሙ። ልብ በል፣ በመቶኛ ሳይሆን በሳንቲም ነው የተጻፈው። የከሰል ዋጋ ሲወጣ የነሱ ድርሻ እዚያው ቆመ። በ1984 ሲሰላ ከሽያጩ ሁለት በመቶ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ኮንግረስ በፌዴራል መሬት ላይ ለሚወጣ ከሰል ያስቀመጠው ዝቅተኛ መጠን ግን 12 ነጥብ 5 በመቶ ነበር።

ውሉ ከ20 ዓመት በኋላ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ ክፍያውን እንዲያስተካክል ይፈቅዳል። የሚኒስቴሩ የአካባቢ ኃላፊ 20 በመቶ ይሁን ብሎ ወሰነ። ኩባንያው ይግባኝ አለ። ከዚያ በ1985 ሚኒስትሩ ዶናልድ ሆዴል ከኩባንያው ተወካይ ጋር ናቫሆዎቹ በሌሉበት ተገናኘ። ሲወጣ ውሳኔው እንዲዘገይና ሁለቱ ወገን እንዲደራደሩ መመሪያ ሰጠ። ናቫሆዎቹ ስለ ስብሰባው አልተነገራቸውም። ገንዘብ አጥሯቸው ስለነበር በ12 ነጥብ 5 ተስማሙ። በኋላ ነገሩ ሲወጣ መንግሥትን 600 ሚሊዮን ዶላር ከሰሱ። መንግሥት ማለት እንግዲህ የመሬታቸው ባለአደራ ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2003 በስድስት ለሦስት ፈረደባቸው። ካሳ የሚያስከፍል የሕግ አንቀጽ አልተጣሰም ነው የተባለው።

ከሰሉ የት ሄደ መሰለህ? አንዱ ክፍል ከውሃ ጋር ተደባልቆ በቧንቧ 440 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ላፍሊን፣ ኔቫዳ ወደነበረው የኃይል ማመንጫ ይገባ ነበር። ከሰሉን የሚገፋው ውሃ የተቀዳው ከናቫሆዎችና ሆፒ ከሚባሉት ጎረቤቶቻቸው ምድር ሥር ነው። የማመንጫው ከፊል ባለድርሻ የኔቫዳው የመብራት ኩባንያ ነበር። እስከ 2005 ማለትም ማመንጫው እስኪዘጋ ድረስ የላስ ቬጋስህ መብራት በከፊል የሚበራው በዚያ ከሰል ነበር ማለት ነው። ሌላው ክፍል አሪዞና ውስጥ ፔጅ ከተማ አጠገብ ወደነበረው ማመንጫ ይሄድ ነበር፣ ያውም በናቫሆ መሬት ላይ የቆመ። እሱ ደግሞ የኮሎራዶን ወንዝ ውሃ ወደ ፊኒክስና ቱሳን የሚገፉትን ፓምፖች ያንቀሳቅስ ነበር። የኃይል መስመሩ በቤታቸው አናት ላይ ያልፋል፤ ቤታቸው ውስጥ ግን ኩራዝና ጄኔሬተር ነው። ማታ ስትነዳ ያየኸው ጨለማ ይኸው ነው።

ፔጅ የነበረው ማመንጫ በኅዳር 2019 ተዘጋ። አብረውት በመቶ የሚቆጠሩ ሥራዎች ጠፉ፣ አብዛኛው ሠራተኛ ናቫሆ ነበር። በአካባቢው ከሚገኘው ሁሉ ጥሩ የሚከፈልበት ሥራ ነበር። አንዱ ደሞዝ ስንት ሰው ያስተዳድር እንደነበር ለሐበሻ ማስረዳት አያስፈልገኝም።

ዩራኒየሙን በአጭሩ ልለፈው፣ ብዙ ተጽፎበታል። ከ1944 እስከ 1986 ወደ 30 ሚሊዮን ቶን የሚጠጋ ማዕድን ወጣ። ከ500 በላይ ጉድጓዶች ተትተው ቀሩ። በ1979 ቸርች ሮክ የሚባል ቦታ የዩራኒየም ዝቃጭ የያዘ ግድብ ተደርምሶ መርዛም ውሃ ወንዙ ውስጥ ገባ። ያ ቦታ ከላይ ያልኩህ ካዚኖ ካለበት ብዙ አይርቅም። ለገቢ ጥናት የሚጠቅመው ነገር አንድ ነው፦ ማዕድኑን ሲቆፍር የታመመ አባት ያለበት ቤት የእሱንም ደሞዝ ያጣል፣ የሚያስታምመውም ሰው ከሥራ ይቀራል።

አሁን ወደ መሬቱ። ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው። መሬቱ የናቫሆ ነው ይባላል እንጂ ባለቤትነቱ በአደራ የተያዘው በአሜሪካ መንግሥት እጅ ነው። ማንም ናቫሆ ቤቱ ያለበትን መሬት መሸጥ አይችልም። ለባንክ ማስያዝም አይችልም። ይህ ነገር ለእኛ አዲስ አይደለም። በኛም አገር መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም። ገበሬው ለብዙ ዘመን ባንክ ሄዶ «መሬቴን ያዙልኝ» ማለት አለመቻሉ ምን እንዳደረገው ታውቃለህ። አሜሪካ ውስጥ ግን ጎረቤቱ በቤቱ ዋስትና ተበድሮ ሱቅ ሲከፍት፣ ልጁን ኮሌጅ ሲልክ፣ እሱ ያው ደሞዙን ብቻ ይዞ ይቀራል። ለነባር ሕዝቦች የተዘጋጀ ልዩ የቤት ብድር ከ1992 ጀምሮ አለ። ወረቀቱ ግን ሰው ያስረጃል።

መሬቱ ይሸጥ ብዬ እንዳይመስልህ። ያም ተሞክሯል። በ1887 የወጣው ሕግ የሌሎቹን ሕዝቦች መሬት ለየግለሰቡ ሸነሸነው። በ1934 ሲቆም ከ138 ሚሊዮን ኤከር የቀረላቸው 48 ሚሊዮን ነበር። የናቫሆ መሬት በአብዛኛው ከዚያ ተርፏል። መሬቱ ዛሬም በእጃቸው ያለው በዚህ ምክንያት ነው። ሁለቱም መንገድ ዋጋ ያስከፍላል፤ እኔ ብጠየቅ ያላቸውን መያዛቸውን እመርጣለሁ።

ቤት ለመሥራት የመኖሪያ ቦታ ሊዝ ያስፈልጋል። ለሊዙ ደግሞ አካባቢው ላይ የግጦሽ ፈቃድ ያላቸው ሰዎች መስማማት አለባቸው። የግጦሽ ፈቃዱ ከየት መጣ? ይህም ራሱን የቻለ የገቢ ክፍፍል ታሪክ ነው። በ1930ዎቹ የነባር ሕዝቦች ጉዳይ ኃላፊው ጆን ኮሊየር «ከብቱ በዝቶ ምድሩን አራቆተው» ብሎ በጎችና ፍየሎች እንዲቀነሱ አዘዘ። መጀመሪያ ላይ ቅነሳው በሁሉም ላይ እኩል ተጫነ። እኩል የሚመስል ነገር እዚህ ላይ ክፉ ሆነ። ብዙ መንጋ ያለው ያረጁትንና የማይረቡትን ሰጠ፣ ተገላገለ። ሃምሳ በግ ያላት ቤተሰብ ግን የምትበላውን ሰጠች። ፍየሎቹ በብዛት የሴቶች ሀብት ነበሩ፣ እነሱም አለቁ። አንዳንድ ቦታ ከብቱ እዚያው ተተኩሶበት በስብሶ ቀረ። ሽማግሌዎች ዛሬም ትናንት የሆነ ያህል ነው የሚያወሩት። ከዚያ የተረፈው በፈቃድ ተደለደለ፤ ፈቃዱ በውርስ እየተከፋፈለ ዛሬ ድረስ መጣ። ፈቃድ ያለው ቤተሰብና የሌለው ቤተሰብ ልዩነት አለው። ደሃ ነው በሚባለው ሕዝብ ውስጥም ማለት ነው።

ሌላ ጉድ ልጨምርልህ። በ1966 ናቫሆና ሆፒ የሚከራከሩበት 1 ነጥብ 5 ሚሊዮን ኤከር መሬት ላይ ግንባታ ታገደ። አዲስ ቤት ብቻ አይደለም፣ ጣሪያ መጠገን፣ ውሃ ማስገባት፣ መብራት መዘርጋት ሁሉ ታገደ። እገዳው ሙሉ በሙሉ የተነሳው በ2009 ነው። 43 ዓመት! ሽማግሌው ወጣት ሆኖ የሚያፈስ ጣሪያ ሥር ገባ፣ አያት ሆኖም እዚያው ነው። አሜሪካ ውስጥ የመካከለኛ ቤተሰብ ሀብት ማለት በብዛት ቤቱ ነው። እነዚህ ሰዎች ያን ሀብት የሚገነቡበት ሁለት ትውልድ በአዋጅ ተወሰደባቸው።

«መሪዎቹ በሉት ወይ?» ብለሃል። ተበልቷል፣ አልክድም። ታዋቂው ጉዳይ በ1987 የሆነው ነው። የናቫሆ መንግሥት ቢግ ቦኪያስ የሚባል የከብት እርሻ በ33 ነጥብ 4 ሚሊዮን ዶላር ገዛ። ደላሎቹ ያን እርሻ የዚያኑ ዕለት የገዙት በ26 ነጥብ 2 ሚሊዮን ነበር። በጊዜው ሊቀመንበር የነበረው ፒተር ማክዶናልድ በናቫሆ ፍርድ ቤትም በፌዴራልም ተፈርዶበት ታሰረ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በናቫሆ ቋንቋ ምስጢራዊ መልእክት ካስተላለፉት ዝነኛ ወታደሮች አንዱ ነበር፣ ሰው ሲወድቅ ያሳዝናል። ግን ሂሳቡን ተመልከት። በሌብነቱ የጠፋው ሰባት ሚሊዮን ገደማ ነው። በከሰሉ ውል የተከሰሰበት 600 ሚሊዮን ነው። ሌባው ይታሰር፣ ነገር ግን ለድህነቱ ማብራሪያ ስትፈልግ ከትልቁ ቁጥር ጀምር።

እዚያው ውስጥ ታዲያ ማን ይሻለዋል? ደሞዝተኛው። የናቫሆ መንግሥት፣ ትምህርት ቤቶቹ፣ ክሊኒኮቹ፣ የፌዴራል ቢሮዎቹ ዋናዎቹ ቀጣሪዎች ናቸው። አስተማሪና ነርስ ያለበት ቤት መካከለኛ ኑሮ ይኖራል። ከዚያ በታች አንድ የጡረታ ቼክ የሚጠብቅ ሰባት ሰው፣ ጥቂት በግ ያላት አያት፣ ጌጥ የሚሠራ፣ ምግብ አብስሎ ገበያ የሚያወጣ አለ። የሥራ አጡን ቁጥር ስታነብ ተጠንቀቅ። ሥራ አጥ ተብሎ የሚቆጠረው ሥራ የሚፈልግ ነው። አካባቢው ላይ ሥራ እንደሌለ አውቆ መፈለግ ያቆመ ሰው ከቁጥሩ ይወጣል። ጨርሶ ሥራ የሌለበት ቦታ ሥራ አጥ ትንሽ ሊመስል ይችላል፤ ተማሪዎቼ ሁሌ የሚገረሙበት ነገር ነው።

የድህነት ወለሉም ጉድለት አለበት። በ2024 ለአራት ሰው ቤተሰብ 31,200 ዶላር ነበር፣ ማንሃታንም ሁን ናቫሆ ግዛት ውስጥ ያለችው ቺንሊ ያው ነው። የሚቆጥረው በእጅ የገባ ገንዘብን ነው። ከአክስት የመጣ የበግ ሥጋ አይቆጠርም። በሌላ በኩል ውሃ ለመቅዳት የሚቃጠለው ቤንዚንም አይቀነስም። ፒክአፑን ያየኸው ሰውዬ በጋሎን ሲሰላ ለውሃ የሚያወጣው ፊኒክስ ውስጥ መዋኛ ገንዳ ካለው ሰው በእጅጉ ይበልጣል። ዲኔዎች «ኬ» የሚሉት የዝምድና ትስስር አላቸው፤ ያለው ለሌለው ያካፍላል። ያ ሰውን ከረሃብ ያድናል። ደሞዝተኛው ግን መቆጠብ አይችልም። አንተም በየወሩ ወደ አገር ቤት ስትልክ የምታውቀው ነገር ነው።

የገባውም ገንዘብ እዚያ አያድርም። ያን በሚያህል ግዛት ውስጥ ደህና የምግብ መደብር ሲቆጠር 13 ገደማ ነው። ስለዚህ ደሞዝ የወጣ ዕለት ሁሉም ጋለፕ፣ ፋርሚንግተን፣ ፍላግስታፍ ይሄዳል። መኪናውም፣ ጎማውም፣ አስቤዛውም ከግዛቱ ውጭ ይገዛል። የሽያጭ ታክሱም እዚያው ይቀራል። ጋለፕ ከተማ መንገዱ ዳር የተደረደሩትን የወለድ አገድ ቤቶች አይተሃቸው ይሆናል። የአያት ጌጥ የሚያዝባቸው ናቸው።

አሁን «ነፃ ገንዘብ አስንፏቸው ነው?» ወደሚለው። ለዚህ ጥሩ ማስረጃ አለን፣ ብርቅ የሆነ። ኖርዝ ካሮላይና ተራሮች ውስጥ የምሥራቅ ቸሮኪዎች አሉ። በ1993 የዱክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች፣ በጄን ኮስቴሎ መሪነት፣ በአካባቢው ያሉ 1,420 ልጆችን የአእምሮ ጤና መከታተል ጀምረው ነበር። ከልጆቹ የቸሮኪም ነበሩ፣ ያልሆኑም ነበሩ። በ1997 ካዚኖ ተከፈተ። ቸሮኪዎቹ የትርፉን ግማሽ ለእያንዳንዱ አባል በእኩል ማከፋፈል ጀመሩ፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በዓመት 4,000 ዶላር አካባቢ ነበር። ሠራ አልሠራ፣ ጠጣ ጾመ፣ ለሁሉም። ቸሮኪ ያልሆነው ጎረቤት ቤተሰብ ግን ምንም አላገኘም። ተመራማሪ በሕልሙ የሚመኘው ነገር ነው፣ ሳይፈልጉት መጣላቸው።

ውጤቱ? ከድህነት በወጡት ቤቶች ልጆች ላይ የጠባይ ችግር ምልክት በ40 በመቶ ቀነሰ። በጣም ድሃ ከነበሩት ቤቶች የወጡ ልጆች 21 ዓመት ሲሞላቸው አንድ ዓመት ተጨማሪ ትምህርት ይዘው ተገኙ። በ16ና በ17 ዓመታቸው ቀላል ወንጀል የመሥራት ዕድላቸውም በ22 በመቶ ዝቅ አለ። ወላጆቹ ሥራ ጥለው አልተቀመጡም። ይበልጥ የተለወጠው ልጆቻቸውን የሚከታተሉበት ጊዜና ትዕግሥት ነው። የቤት ኪራይ የማያስጨንቀው አባት ልጁ ላይ አይጮህም፤ ይህን ለማወቅ ዶክትሬት አያስፈልግም ነበር፣ ቁጥሩ ግን ጥሩ ነው።

አንድ ነገር ግን ልብ በል። 4,000 ዶላር በጣም የለወጠው ታችኛውን ነው። ደህና ገቢ በነበራቸው ቤቶች በትምህርት ላይ ያን ያህል ለውጥ አልታየም። በእኩል የተሰጠ ገንዘብ በእኩል አይሠራም።

ናቫሆዎችም በቅርቡ ይህን ክርክር አድርገዋል። በ2021 ከወረርሽኙ ማገገሚያ ሕግ ወደ 2 ነጥብ 1 ቢሊዮን ዶላር መጣላቸው። ትልቅ ገንዘብ ነው። ለ400 ሺህ አካፍለው፦ ለሰው አምስት ሺህ ዶላር ገደማ፣ ያውም አንድ ጊዜ ብቻ። በሌላ በኩል ያው ገንዘብ የውሃ መስመር፣ የመብራት ምሰሶ፣ ቤት ሊሆን ይችላል። ሰው ግን ዛሬ ይርበዋል፤ ደግሞ «መስመር ይዘረጋላችኋል» የሚባለውን ከአያቱ ጀምሮ ሰምቷል። በመጨረሻ ሁለቱንም አደረጉ። ለአዋቂ 2,000፣ ለልጅ 600 ዶላር ቼክ ሰጡ፤ የቀረውን ለግንባታ መደቡት። እንዲያውም የተመዘገበው አባል ከ306 ሺህ ወደ 400 ሺህ የዘለለው ከዚያ ትንሽ ቀደም ብሎ፣ የመጀመሪያው የወረርሽኝ እርዳታ ቼክ ሊሰጥ ነው ሲባል ነው። ግንባታው ሲጓተት ብዙ ሰው ተናደደ። የተናደደው ሰው ተሳስቷል አልልም። ነገር ግን አንዲት የራቀች ቤት መብራት ለማስገባት በአሥር ሺህዎች የሚቆጠር ዶላር እንደሚፈጅ፣ ሊዙም ፈቃዱም እንዳለ አስብ። ከ2019 ጀምሮ ከሌሎች ስቴቶች የመብራት ሠራተኞች በበጎ ፈቃድ እየመጡ መስመር ሲዘረጉ ነበር። ክሬን ያላቸው መኪኖች ተሰልፈው ካየህ እነሱ ይሆናሉ።

ውሃው ላይ ደግሞ በ2023 ሌላ በር ተዘጋ። በ1868 ውላቸው አገራቸው ቋሚ መኖሪያችሁ ይሁን ተብሎ ተፈርሞላቸዋል። ውሃ የሌለበት ቋሚ መኖሪያ ምን ማለት ነው ብለው ከሰሱ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በአምስት ለአራት፣ መንግሥት ውሃውን ለማስገኘት እርምጃ እንዲወስድ ውሉ አያስገድደውም አለ። በተቃውሞ ከጻፉት ዋናው ወግ አጥባቂው ዳኛ ኒል ጎርሰች መሆኑን ስነግራቸው ሰዎች አያምኑኝም።

የብር ጌጡ ነገር ቀረ። መንገድ ዳር ጠረጴዛ ዘርግተው የሚሸጡት ብዙዎቹ ራሳቸው የሠሩት ወይም ቤተሰብ የሠራው ነው። ከተማ ሱቅ ውስጥ ግን ከውጭ የገባ ማስመሰያም ሞልቷል። በ1990 የወጣ ሕግ ነባር ሕዝቦች ያልሠሩትን ነባር ሕዝቦች ሠሩት ብሎ መሸጥን ይከለክላል፤ ስለዚህ «ማን ሠራው?» ብለህ ጠይቅ፣ ነጋዴው በጽሑፍ ይስጥህ። ከኋላው የሠሪው ማህተምና የብሩ መጠን ሊኖር ይገባል። ፈርጡ ተርኩዊዝ ነው ካሉህ የድንጋዩን ስም ጠይቅ፣ ፕላስቲክም ይሸጣል። ስለ ዋጋው ትንሽ መከራከር ነውር አይደለም፣ እንደ መርካቶ ግን አታድርገው። ከሴትየዋ በቀጥታ ከገዛህ ገንዘቡ ቢያንስ እሷ ውሃ ልትቀዳ ጋለፕ እስክትሄድ ድረስ ግዛቱ ውስጥ ይቆያል።